በእጅ ስልክ የሚሰጠው የባንክ አገልግሎት ለደንበኛው ምን ያህል እንደ ተመቸ ስለ መለካት

በእጅ ስልክ ገንዘብ መላክና መቀበል በአገራችን እንደ ብርቅ መታየቱ ቀርቷል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሞባይልና በወኪል ስለሚሰጥ የባንክ አገልግሎት መመሪያ ያወጣው በ2005 ዓ.ም. ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀመረ፤ በኬንያ በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው ኤምፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወደ እኛ አገር ገባ። ባንኮችም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አገልግሎት አቋቁመዋል። ከዚህ የተነሣ ዛሬ ጀበናዋን ይዛ ከመንገድ ዳር የምትቀመጠው ቡና ሻጭ እንኳ የሒሳብ ቍጥሯን በካርቶን ላይ ጽፋ ትሰቅላለች።

ስለዚህ አገልግሎት የሚወጡትን መግለጫዎች የተመለከተ ሰው ሁለት ዓይነት ቍጥር ደጋግሞ ያገኛል። አንደኛው የተመዘገቡት ደንበኞች ብዛት ነው፤ ሁለተኛው በዓመቱ የተዘዋወረው ብር ነው። ለምሳሌ ያህል የቴሌብር ደንበኞች ከ50 ሚሊዮን በላይ መድረሳቸውን ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 በጀት ዓመት መጨረሻ አስታውቋል። ቍጥሩ ታላቅ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ዳሩ ግን በአንድ ድልድይ ላይ ስንት ሰው እንዳለፈ መቍጠር ድልድዩ ለመሻገር የሚመች መሆኑን አያስረዳም፤ ሌላ ድልድይ ከሌለ ሁሉም በዚያው ያልፋልና። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የደንበኛው ምቾት በምን ሊለካ እንደሚገባው ነው። በእኛ አስተያየት ከሁሉ አስቀድሞ መለካት ያለበት ደንበኛው ገንዘቡ የት እንዳለ የማያውቅበት ጊዜ ነው። የቀረው ሁሉ፣ የመተግበሪያው መልክና የቀለሙ ማማር ጭምር፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ነገሩን ለመረዳት የአንዲቱ ዝውውር መንገድ ምን እንደሚመስል ማወቅ ያስፈልጋል። አንዲት እናት ከደብረ ብርሃን በአዲስ አበባ ለሚማር ልጃቸው ለቤት ኪራይ 2,000 ብር ይልካሉ እንበል። ስልካቸው ተራ ስልክ ስለ ሆነ በኮከብ ምልክት የሚጀምረውንና በመሰላል ምልክት የሚያበቃውን አጭር ቍጥር ይደውላሉ። ይህም ዩኤስኤስዲ የተባለው መንገድ ነው። ትእዛዛቸው በቅድሚያ ወደ ቴሌኮሙ መሣሪያ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ባንኩ ማዕከል ይሄዳል፤ ባንኩም ሒሳባቸውን አይቶ ብሩን ይቀንሳል። የልጁ ሒሳብ በሌላ ባንክ የሆነ እንደ ሆነ መልእክቱ ብዙውን ጊዜ ባንኮችን እርስ በርስ በሚያገናኘው በኢትስዊች በኩል ያልፋል፤ ተቀባዩ ባንክም ብሩን ከመዘገበ በኋላ መልሱ በመጣበት ጎዳና ወደ ኋላ ተመልሶ እናትዮዋ ስልክ ላይ ይታያል። ይህ ሁሉ ደኅና ሲሆን በጥቂት ሰከንድ ያልቃል።

ችግሩ የሚነሣው መልሱ በመንገድ ሲቀር ነው። የጥንት ሰው መልእክተኛ ልኮ መልእክተኛው ሳይመለስ ቢቀር ሁለት ነገር ይጠራጠር ነበር፤ መልእክተኛው ሲሄድ ጠፍቶ ይሆን? ወይስ መልእክቱን አድርሶ ሲመለስ ጠፍቶ ይሆን? ከላኪው ዘንድ ሁለቱም አንድ ዓይነት ዝምታ ናቸው። የኮምፒዩተር ሳይንስ ሊቃውንት ይህንን የሁለቱ የጦር አዛዦች ችግር ብለው ይጠሩታል፤ እምነት በማይጣልበት መንገድ የሚነጋገሩ ሁለት ወገኖች የመጨረሻው መልእክት መድረሱን ሁለቱም እርግጠኛ የሚሆኑበት ስልት እንደሌለም አረጋግጠዋል። ስለዚህ ጥፋቱ የአንድ ባንክ ስንፍና ብቻ ነው ለማለት አይቻልም፤ ከነገሩ ተፈጥሮ የሚመጣ ነው። በባንኩ እጅ ያለው ዝምታው ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ መወሰን ነው።

እናትዮዋ እንግዲህ ስልኩን እያዩ ይቆማሉ። ብሩ ተቆርጧል ወይስ አልተቆረጠም? ደግመው ቢልኩ 4,000 ብር ሊሄድ ይችላል፤ ባይልኩ ልጁ ከአከራዩ ጋራ ይጣላል። በባንኩ መዝገብ ግን ይህ ጭንቀት ስም የለውም። ዝውውሩ ከተፈጸመ «የተሳካ» ተብሎ ይጻፋል፤ ካልተፈጸመ «ያልተሳካ» ይባላል። ከሁለቱ መካከል ያለው ሦስተኛው ዓይነት፣ ማለት ተፈጽሞ ሳለ ደንበኛው ያላወቀው ወይም ሳይፈጸም ብሩ ተቆርጦ የቆየው፣ ውሎ አድሮ ከሁለቱ በአንደኛው ስር ገብቶ ይጠፋል።

በዚህ ላይ አማካይ የተባለው የሒሳብ መንገድ ነገሩን የባሰ ይሸፍነዋል። ለማስረዳት ያህል ብቻ 100 ዝውውሮችን እንውሰድ። 96ቱ በ10 ሰከንድ አለቁ፤ 4ቱ ግን ብሩ ተቆርጦ ከ48 ሰዓት በኋላ ተመለሰ እንበል። ጠቅላላውን ጊዜ ደምረን ለ100 ብናካፍል አማካዩ 1 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ያህል ይመጣል። ከመቶው ግን ይህን ያህል የጠበቀ አንድም ሰው የለም። አማካዩን ትተን የመካከለኛውን ሰው ጊዜ ብንወስድ ደግሞ 10 ሰከንድ እናገኛለን፤ አራቱ ሰዎች ፈጽመው ከዓይን ይሰወራሉ። ስለዚህ በመግለጫ መውጣት የሚገባው ከመቶው 95ኛውና 99ኛው ሰው የጠበቀው ጊዜ ነው። ችግሩ የሚገኘው በጅራቱ ነውና።

«ከመቶ 99 ይሳካል» የሚለውም አነጋገር እንዲሁ ሊመረመር ይገባዋል። ሲሰሙት ያጠግባል። ነገር ግን አንድ ሰው በወር 20 ጊዜ ቢጠቀም፣ የእያንዳንዱ ጊዜ ዕድል ከሌላው ተለይቶ ቢታሰብ፣ በዚያው ወር ቢያንስ አንድ ጊዜ ችግር የማግኘቱ ዕድል ከመቶ 18 ያህል ነው፤ በዓመት 240 ጊዜ ቢጠቀም ከመቶ 91 ይደርሳል። በሌላ አነጋገር በባንኩ ዓይን ከመቶ አንድ የሆነው ነገር በደንበኛው ዓይን በየዓመቱ የማይቀር ነገር ነው። ደግሞም ብልሽት እንደ ዝናብ በእኩል አይወርድም። ደመወዝ በሚወጣበት ቀን፣ በገበያ ቀን፣ በበዓል ዋዜማ ይከማቻል። ከዓመቱ አንድ መቶኛው 3 ቀን ተኩል ከሚበልጥ ጊዜ ጋራ እኩል ነው፤ ይህ ጊዜ በሌሊት ተበታትኖ ቢያልፍ ማንም አያውቀውም፤ በፋሲካ ዋዜማ ዶሮና ቅቤ በሚገዛበት ሰዓት ቢውል ግን አገር ያወራዋል።

መዝገቡ አስቸጋሪ ስለ ሆነ ይህን ሁሉ መቍጠር አይቻልም የሚል ሰው ቢኖር አንድ ነገር እናስታውሰዋለን። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በደረሰ ብልሽት አንዳንድ ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ለማውጣትና ለማስተላለፍ ችለው ነበር፤ ከእነዚህም መካከል ብዙዎቹ እንደ እኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ ነገሩን እንዳወቀ በሰዓታት ውስጥ አገልግሎቱን አቋረጠ፤ ማን ምን ያህል እንደ ወሰደ ከመዝገቡ አውጥቶ ገንዘቡን ያልመለሱትን ሰዎች ስም ይፋ አደረገ። ተማሪዎቹ ደግ ሠሩ ለማለት አይደለም፤ ያልደከሙበትን ገንዘብ መመለሳቸው ተገቢ ነው። የምንለው ይኸው ነው፤ ሲስተሙ ለደንበኛው በተሳሳተ ጊዜ መዝገቡ እስከ ሳንቲም ድረስ ሊያስረዳ ከቻለ፣ በደንበኛው ላይ በተሳሳተ ጊዜም እንዲሁ ሊያስረዳ ይችላል።

ሌላው የመለኪያ መንገድ ደንበኛውን ራሱን መጠየቅ ነው። ለዚህ የተዘጋጁ መጠይቆች በውጭ አገር ብዙ አሉ። በ1980 ዓ.ም. ሦስት አሜሪካውያን መምህራን ያወጡት ሰርቭኳል የተባለው መለኪያ 22 ነጥቦች አሉት፤ ጆን ብሩክ በ1978 ዓ.ም. ያዘጋጀው ደግሞ 10 ጥያቄ ብቻ ሆኖ ከ0 እስከ 100 ውጤት ይሰጣል። በንግድ ሰዎች ዘንድ ይልቁን የታወቀው ፍሬድ ራይክሄልድ በ1996 ዓ.ም. ገደማ ያስፋፋው ነው። ይኸውም «ይህን አገልግሎት ለወዳጅዎ ይመክራሉን?» ብሎ ከ0 እስከ 10 የሚያስመርጥ አንድ ጥያቄ ነው። 9 እና 10 የሰጠው እንደ ደጋፊ፣ እስከ 6 የሰጠው እንደ ነቃፊ ይቈጠራል።

እነዚህን መጠይቆች ወደ አማርኛ ገልብጦ ማደል ቀላል ነው፤ ውጤቱን ማመን ግን ቀላል አይደለም። በመጀመሪያ ይሉኝታ አለ። ጠያቂው የባንኩን መታወቂያ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ፊት ለፊት ቆሞ «አገልግሎታችን እንዴት ነው?» ቢል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነው» የሚል መልስ ያገኛል። ይህ መልስ ስለ ጠያቂው ክብር የተሰጠ ነው እንጂ ስለ አገልግሎቱ አይደለም። ሁለተኛ፣ በትምህርት ቤታችን 50 ያገኘ ያልፋል፤ ስለዚህ 6 የሰጠ ሰው «አልፋችኋል» ማለቱ ሲሆን በራይክሄልድ አቈጣጠር ነቃፊ ሆኖ ይመዘገባል። አንዱ ውጤቱን ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ይጎትተዋል፤ እርስ በርሳቸው ይካካሳሉ ብሎ ማሰብም አይገባም። ከሁሉም በላይ ደመወዙ በአንድ ባንክ የሚገባለት ሰራተኛ፣ ወይም ተቀባዩ ያለበትን ባንክ ተከትሎ ሒሳብ የከፈተ ነጋዴ፣ «ይመክራሉን?» ቢባል የሚናገረው ስለ ምቾቱ ሳይሆን ዘመዱና ደንበኛው የት እንዳሉ ነው።

ስለዚህ አሳቡን ከመጠየቅ ይልቅ የሆነውን መጠየቅ ይሻላል። «ባለፈው ወር ብር ተቆርጦብዎ ያልደረሰበት ጊዜ አለ? በስንት ቀን ተመለሰልዎ? ለመመለሱ ስንት ጊዜ ወደ ባንክ ሄዱ?» ለሚሉት ጥያቄዎች ይሉኝታ መልስ የለውም። ደግሞም አንድ ጥያቄ እንጨምራለን፤ «ስልኩን ማን ነካልዎ?»

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ነገር ይገልጣል። ፊደል ያልቈጠሩ እናትና አባት ስልኩን ለልጃቸው፣ ልጅ ከሌለ ለጎረቤት ወይም ለባለ ሱቁ ይሰጣሉ፤ ከስልኩ ጋራ ምስጢር ቍጥሩንም ይነግራሉ። ዝውውሩ በባንኩ መዝገብ የተሳካ ነው፤ ፈጣንም ነው፤ የባለ ሱቁ ጣት የለመደ ነውና። ባንኩ ደግሞ በየጊዜው «ምስጢር ቍጥርዎን ለማንም አይስጡ» የሚል መልእክት ይልካል፤ መልእክቱንም የሚያነብላቸው ያው ባለ ሱቁ ነው። በራሱ እጅ የሚጠቀመው ደንበኛ ከመቶ ስንት እንደ ሆነ ሳይታወቅ ስለ አገልግሎቱ መስፋፋት መናገር ጎደሎ ይሆናል።

ከዚህ ቀጥሎ የቋንቋውና የጽሕፈቱ ነገር አለ። አጭር የጽሑፍ መልእክት 140 ባይት ይይዛል፤ በላቲን ፊደል 160 ሆሄ፣ በግዕዝ ፊደል ግን 70 ብቻ ነው። በዩኤስኤስዲ ደግሞ አንዱ ገጽ በላቲን 182፣ በግዕዝ 80 ሆሄ ይበቃዋል። በላቲን የሚጻፉት ኦሮምኛና ሶማልኛ ይህ ችግር የለባቸውም፤ አማርኛና ትግርኛ ግን ይጠባሉ፤ የግዕዝ ፊደል የማያሳይ አሮጌ ስልክም አለ። ብዙ መልእክት በእንግሊዝኛ ወይም በላቲን ፊደል በተጻፈ አማርኛ የሚመጣው በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው። ይሁን እንጂ ጥበቱ እንደሚባለው አይደለም፤ የእኛ ፊደል አናባቢውን ከተነባቢው ጋራ በአንድ ሆሄ ስለሚይዝ በጥቂት ቦታ ብዙ ይናገራል። «500 ብር ለአበበ ከበደ ደርሷል። ቀሪ 1,240 ብር። ሐምሌ 3፣ ቀን 8፡20።» የሚለው ክፍት ቦታውን ጨምሮ 50 ሆሄ ነው። ለዝውውሩ ቍጥር 20 ሆሄ ይተርፋል።

በዚህ ምሳሌ ቀኑንና ሰዓቱን በአገራችን አቈጣጠር የጻፍነው ሆን ብለን ነው። ከደንበኛው ዘንድ ገንዘቡ የተላከው ሐምሌ 3 ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ከ20 ላይ ነው፤ በባንኩ ደረሰኝ ግን ጁላይ 10፣ 14፡20 ተብሎ ይገኛል። አቤቱታ አቅራቢውና ሰራተኛው በመስኮቱ ግራና ቀኝ ሆነው ስለ አንድ ዝውውር እየተናገሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች የሚመስሏቸው ለዚህ ነው። የስሙም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ከመላክ በፊት የተቀባዩን ስም ማሳየት እጅግ ጠቃሚ ልማድ ነው፤ ስሙ ግን በላቲን ፊደል ሲጻፍ ፀሐይ የተባለችው አንዲት ሴት በሦስትና በአራት ዓይነት ልትጻፍ ትችላለች፤ ላኪውም የሚያየው የእሷን ይሁን የሌላ ሰው ይጠራጠራል።

እንግዲህ ምን ይሻሻል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከመለኪያው ይከተላል። ያልደረሰ ብር ደንበኛው ሳይጠይቅ በራሱ ጊዜ መመለስ አለበት፤ መመለሱም በመልእክት መነገር አለበት። ከማውጫው የመጀመሪያ ተራ ላይ «ያለፈው ዝውውር ምን ደረሰ?» የሚል ምርጫ ቢቀመጥ እናትዮዋ ደግመው ከመላካቸው በፊት ሊያዩ ይችላሉ። ያው ብር ለዚያው ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ሲላክ ሲስተሙ «አሁን ልከዋል፤ ይደገም?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ገንዘብ ከስሕተት ይድናል። ይህን ለመሥራት ትልቅ ወጪ አያስፈልግም፤ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የማይደገም ቍጥር መስጠትና ቍጥሩን በየጣቢያው ማመሳከር ነው። ፊደል ያልቈጠረ ሰው ብዙውን ጊዜ አኃዝ ያውቃል፤ የብር ኖቱንም ከማንም ይልቅ ለይቶ ያውቃል፤ ስለዚህ በድምፅ እየተናገረ ቍጥር ብቻ የሚያስነካ መንገድ ቢዘጋጅለት የባለ ሱቁን ጣት ሊተው ይችላል።

«ሲስተም የለም» የሚለውም ቃል ሊታሰብበት ይገባል። በቅርንጫፉም በስልኩም የሚሰማው መልስ ይኸው ነው፤ መቼ እንደሚመለስ፣ የተጀመረው ዝውውር ምን እንደ ሆነ አይገልጽም። ብልሽት መኖሩን ከነሰዓቱ ማሳወቅ ባንኩን አያዋርደውም። ነጋዴው የስልክ ፎቶግራፍ አላምንም፣ የራሴ መልእክት ካልመጣልኝ ዕቃውን አልሰጥም የሚለው ሐሰተኛ ደረሰኝ በመብዛቱ ነው፤ መልእክቱ በዘገየ ቍጥር እውነተኛው ከፋይም እንደ አታላይ ቆሞ ይጠብቃል። ይህ ዋጋ በማንኛውም ባንክ የሒሳብ መዝገብ ላይ አይታይም።

ይህን ቈጠራ ለመጀመር የባንክ ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልግም። በአንድ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ባለቤቱን አስፈቅዶ፣ ደብተርና ሰዓት ይዞ መቀመጥ ይበቃል። በደብተሩ ላይ ከፋዩ የመጨረሻውን ቍልፍ የነካበት ሰዓት፣ መልእክቱ ለተቀባዩ የደረሰበት ሰዓት፣ በመካከሉም ከፋዩ ያደረገው ነገር ይጻፋል። ደግሞ ነካ? ወደ ባንክ ደወለ? ዕቃውን ትቶ ሄደ? ጥሬ ገንዘብ ከኪሱ አወጣ? ይህ ሦስተኛው ዓምድ ከሁለቱ ሰዓቶች የበለጠ ያስተምራል። ስም፣ የስልክ ቍጥርና የሒሳብ ቀሪ ፈጽሞ አይጻፉም፤ ምስጢር ቍጥር ሲነካም ዓይንን ማዞር ግዴታ ነው። ቀኖቹ ከወሩ መጀመሪያና መጨረሻ፣ አንድ የገበያ ቀን፣ አንድ የበዓል ዋዜማ ቢሆኑ፣ ቦታውም አንዱ በከተማው መካከል፣ ሌላው ኔትወርክ በሚደክምበት የገጠር ከተማ ቢሆን፣ የሁለቱን 95ኛ ሰው ጎን ለጎን አስቀምጦ ለማነጻጸር ይቻላል።